የዐሥራ አንድ ቀን ባዶ

ድሮ ዓሣ ይደርቅበት የነበረ ቤት ነው የምሠራበት፤
ግድግዳው ጨው ያልበዋል፣ ንፋስ አይታክተው ጣሪያውን ሲመታበት።
ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ከቬስተሮለን ደሴት፣
ፀሐይ በኅዳር ሄዳ በጥር የምትመጣበት።

ከወለሉ ሥር ገመድ ይወጣል፣ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ፣
ጠጠሩን አልፎ፣ አረሙን አልፎ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀበረ፤
ሃያ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከቁልቁለቱ አፍ ሲደርስ፣
በመስታወት ክር ብርሃን ልኮ ወሬ ይዞ የሚመለስ።

ወሬውም ይህ ነው።
ሙቀት፦ ስድስት ነጥብ ስምንት።
ጨው፦ እንደ ትናንት።
የውሃው ፍሰት፦ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዝግ ያለ።
ድምፅ፦ አንድ ዓሣ ነባሪ፣ ከሩቅ፣ ሁለቴ ጠርቶ ዝም አለ።
በየሰዓቱ አንድ ፎቶ፦ ነጭ ኮራል፣ ከሥሩም ያ ጢማም ዓሣ፣
«ቄሱ» ብለን የሰየምነው፣ ከቦታው የማይነሳ።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው።
«ምን አገኛችሁ ለሚልህ ሰው» አለች ሲኔቬ ቁልፉን ስታስረክበኝ፣
«ገና ነው በል። ሃምሳ ዓመት ስጠን በል።» ሌላ ነገር አልነገረችኝ።

በጥር መባቻ፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሩብ፣
ሻዬ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ አንዱን ፉት ብዬ ሌላውን ሳልስብ፣
ሰባቱም መስመር ባንድ ጊዜ ለጥ አለ።
ሜዳ ሆነ።
ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ አጠፋሁት። ቤት ባዶ ሲሆን የሚሰማ
የራሴ ትንፋሽ ቀረ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጨለማ።
ብርሃን በክሩ ሰድጄ የሚመለስበትን ለካሁ፤
ዐሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁርጡን አወቅሁ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ኦድቫር ቆሟል ቆቡን ይዞ፣
የመረብ ጎታቹ ጀልባ ካፒቴን፣ ጢሙ ከበረዶ ተያይዞ።
«መረቤ ከበደኝ» አለ። «ድንጋይ መስሎኝ ጎተትኩ።
ካርታው ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ዓሣው እዚያ ነበር። ረሳሁት አልልህም፤ ደፈርኩ።»

ምን እለዋለሁ? ልጆቻችን ባንድ ክፍል ይማራሉ፤
ሦስት ቀን ያሰናዳኋቸው ስድቦች አንድ ባንድ ከአፌ ይሸሻሉ።
ወንበሬን ሰጠሁት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት፣
ከመበጠሱ በፊት ያለችውን፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ ከፈትሁለት።

መጀመሪያ ባሕሩ ብቻ፣ እንደ ትልቅ እንስሳ እንቅልፍ።
ከዚያ ሞተር፦ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ከበላያችን የሚያልፍ፣
በየአራተኛው ምት ላይ አንድ ሳል፣ አንድ ስቅታ።
ኦድቫር ዓይኑን ጨፈነ። «ሦስተኛው ቫልቭ» አለ በቀስታ፣
«ልጄን ለውጠው ብዬው ነበር…»
ከዚያ ብረት ጭቃ ላይ ሲጎተት። ከዚያ ገመድ ሲወጠር።
ከዚያ—

ማዳመጫውን አላወለቀም። ባዶውን ቆጠረው፤
እኔ ሦስት ቀን የሰማሁትን እሱም አንድ ሰዓት ሰማው።

ጠጋኙ መርከብ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ፤ ሁለት ቀን ማዕበል አገደው፤
ኤይሊፍ የሚሉት ልጅ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ከመስታወት አዛመደው።

ከቤርገን ተደወለ። «ዐሥራ አንዱን ቀን» አለች ተመራማሪዋ፣
«ከግራ ከቀኙ ገምተን ብንሞላውስ? መስመሩ ያምራል።»
ያምራል። ግን አይሆንም።
ያልሰማነውን ሰማን አንልም።
ባዶውን ባዶ ብዬ ጻፍኩት፤ ዝም አይነቅዝም።
ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ፣ የማላውቀው ሰው፣ ጣቱ
እዚህ ሲደርስ ይቁም፤ ይጠይቅ፤ ማስታወሻው ላይ አለ ምክንያቱ፦
«መረብ። ራሱ መጥቶ ተናገረ። ቫልቩ ተለውጧል።»

የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ ሌሊት ነበር፣ እኔ ብቻ።
ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። ውሃው ደፍርሷል።
ገመዱ ሲሳብ ካሜራውን ትንሽ አዙሮታል፤
ኮራሉ ግማሹ ነው የሚታየው፤ ሌላው ግማሽ ከፍሬሙ ወጥቷል።
ቄሱ አልነበረም።
ወይም ነበር፤ በማይታየው በኩል።

ኦድቫር ሱቅ ውስጥ ሲያገኘኝ፣ ዳቦና ባትሪ ይዞ፣
«ተመለሰ?» ይለኛል።
«ገና ነው» እለዋለሁ።